ብረት ስንት ዕድሜ አለው?

በጥር ወር 2011 ዓ.ም. ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስመለስ ደብረ ሲናን አልፌ የጣርማ በርን ዳገት ተያያዝኩት። መኪናዋ ከአባቴ የወረስኳት፣ ያገራችን ሰው «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ዳገቱ አጋማሽ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ነካ። «ዋሻው ጋ ስደርስ አሳርፋታለሁ» ብዬ ገፋሁባት። በጣልያን ወረራ ዘመን ከተፈለፈለው ዋሻ አፍ ስደርስ ግን ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይትጎለጎል ነበር፤ ራዲያተሩም ውሃውን ጨርሶ ደርቋል። አባቴ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብሎ ጋዜጣውን ያነብ ነበር። እኔ አምስት ደቂቃ እንኳ አልታገሥኩም። በጀሪካን የያዝኩትን፣ የጥር ብርድ ያቀዘቀዘውን ውሃ በራዲያተሩ አፍ ቸለስኩት። ከሞተሩ ሆድ ውስጥ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ወጣ። «ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል» ይላል ያገሬ ሰው። ጥፋቱ የኔና የኔ ብቻ ነበር።

መኪናዋ በሌላ መኪና ተጎትታ አዲስ አበባ ገባች። ቴስታታው ተነሥቶ ሲታይ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ተገኘ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ብሎኩ ሄዷል፤ ሌላ መፈለግ ነው» አለኝ። ነገሩን የሰማሁት እንደ መርዶ ነው። የሞተሩ ቁጥር የሚመታው ብሎኩ ላይ ነው፤ አባቴም ያንን ቁጥር እንደ ዳዊት በቃሉ ይወጣው ነበር። መኪናዋ በውርስ ወደኔ ስትዞር ሊብሬው ላይ የባለቤቱ ስም ተለወጠ፤ ቁጥሩ ግን እንደነበረ ቀረ። አሁን እሱም ሊለወጥ ነው።

ሌላ ብሎክ ፍለጋው ከሁለት ሳምንት በላይ ወሰደብኝ። በእነዚያ ቀናት ካየሁትና ከሰማሁት ውስጥ ለአንባቢ ይጠቅማል ያልኩትን እነሆ።

ለመሆኑ ብሎክ ምንድን ነው? በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ነው። ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቀዳዳዎች፣ በዙሪያቸው ውሃ የሚዞርባቸው ቦዮች፣ ከሥር ደግሞ ኮሎው ተኝቶ የሚሽከረከርባቸው መቀመጫዎች በሙሉ በዚህ በአንድ ቁራጭ ብረት ውስጥ ይገኛሉ። የሞተር ሌላው ዕቃ ሁሉ ቢለወጥ ሞተሩ ያው ሞተር ነው። ብሎኩ ሲለወጥ ግን ሌላ ሞተር ሆነ ማለት ነው።

ብረት አቅልጦ ማፍሰስ የቆየ ጥበብ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ መጨረሻ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ በምትገኘው በጋፋት፣ ሚሲዮናውያኑን የእጅ ባለሙያዎች አስጨንቀው 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን አስፈስሰዋል። ዳሩ ግን የሞተር ጭንቁ ከማፍሰሱ ይልቅ ቀዳዳው ላይ ነው። መድፍ የጎረሰውን አንድ ጊዜ ከተፋ ሥራውን ጨርሷል። ሲሊንደር ግን ፒስተኑን በደቂቃ ውስጥ በሺህ ለሚቆጠር ጊዜ እያመላለሰ ጋዝ ማሾለክ የለበትም። ለዚህም ቀዳዳው ከላይ እስከ ታች ክብ፣ ከላይ እስከ ታችም አንድ ልክ መሆን አለበት።

የሚገርመው ይህን ችግር መጀመሪያ የፈታው ሰው መድፍ ሠሪ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ዊልኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1774 ለመድፍ መሰርሰሪያ ዘዴው የባለቤትነት መብት አወጣ። በዚያ ዘመን ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተሩን አስቦና ሞክሮ፣ ክብ ሲሊንደር የሚሠራለት አጥቶ ይንገላታ ነበር። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚያፈተልከው እንፋሎት ጉልበቱን ይበላበታል። ዊልኪንሰን የመሰርሰሪያውን ዘንግ በሲሊንደሩ ውስጥ ከዳር እስከ ዳር አሳልፎ በሁለቱም ጫፍ ደገፈው። ዘንጉ ማዘንበል ሲያቆም ቀዳዳውም ክብ ሆነ። የዋት ሸሪክ የነበረው ማቲው ቦልተን 50 ኢንች ስፋት ያለው ሲሊንደር ስሕተቱ ካሮጌ ሽልንግ ውፍረት እንደማይበልጥ በደስታ ጽፏል። ዛሬ በሽልንግ ውፍረት የተሳሳተ ሲሊንደር የሚቀበል መካኒክ መርካቶ ውስጥ አይገኝም።

በመጀመሪያዎቹ መኪኖች ሲሊንደሮቹ አንድ በአንድ ወይም ጥንድ ጥንድ ሆነው እየፈሰሱ በኋላ በብሎን ይያያዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው ፎርድ ሞዴል ቲ አራቱንም ሲሊንደር በአንድ ቁራጭ አፍስሶ፣ ክዳኑን ማለትም ቴስታታውን ተነሺ አደረገው። ክዳኑ ሲነሣ የሞተሩ ሆድ ለመካኒኩ ዐይንና እጅ ተከፈተ። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ1900 ዓ.ም. ነው፤ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣትም ቤዴ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነበር። መኪናዋ መጣች እንጂ ጋራዥና ቶርኖ ቤት አብሯት አልመጣም።

ጋራዡ የተስፋፋው በክፉ ቀን ነው። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ሲይዝ ፊያትና ላንቺያ ካሚዮኖቹን፣ ከካሚዮኖቹም ጋር መካኒኮቹን ይዞ ገባ። ዋናውን ገበያ ከጊዮርጊስ አካባቢ አንሥቶ ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ ስሙንም መርካቶ አለው፤ ገበያ ማለቱ ነው። በ1933 ወራሪው ተባረረ፤ ቃላቱ ግን ቀሩ። ዛሬ ማንኛውም ጋራዥ ገብተን ጆሯችንን ብናቀና የምንሰማው ካንቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፣ ካቻቪቴ ነው። ከጦርነቱ በኋላ በአዲስ አበባና በአሥመራ የቀሩ ጣልያኖች ጋራዥና ቶርኖ ቤት ከፍተው ያገሬውን ልጅ በረዳትነት ሲቀጥሩ፣ ልጁ ሙያውን ከነቃሉ ተቀበለ። ያረጀ ሲሊንደር የሚታደስበትም ቤት ሬቲፊካ ተባለ። በጣልያንኛ ማረም፣ ማቅናት ማለት ነው።

እኔም ብሎክ ከመግዛቴ በፊት የሄድኩት ወደ አንድ የሬቲፊካ ባለሙያ ነው። ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ፣ ሥራውን ገና ሱሪ ሳይታጠቁ ካንድ ጣልያናዊ ሥር የለመዱ አዛውንት ናቸው። ጋሼ እላቸዋለሁ። የአባቴን ብሎክ ሲያዩ ስንጥቁን በጣታቸው ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አይበየድም ጋሼ?»

«ውጭ ቢሆን እሞክረው ነበር። ሁለት ሲሊንደር መሀል ግን እሳትና ውሃ የሚጎራበቱበት ነው። አንተን መሸወድ ይሆንብኛል ልጄ።» ቀጥለውም ምክር ሰጡኝ። «ስትገዛ ገንዘቡን ጨርሰህ አትስጥ። ተለክቶ ካልሆነ እመልሳለሁ በል። በዚህ የማይስማማ ሰው ዕቃውን ያውቀዋል ማለት ነው።»

መርካቶ ውስጥ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ፈላጊ የሚሄደው ወደ ሶማሌ ተራ ነበርና እኔም ወደዚያው አመራሁ። ለዚህ ገበያ መድራት ምክንያቱ ብዙ ነው። በደርግ ዘመን የውጭ ምንዛሪ ሲጠፋና ቤንዚን በኩፖን ሲታደል፣ አዲስ መለዋወጫ ማግኘት ብርቅ ሆኖ ነበር። ያን ጊዜ የቆመ መኪና ሬሳ አልነበረም፤ ለሌሎች ሦስት መኪኖች ነፍስ የሚሰጥ ጎተራ ነበር። ከደርግ በኋላም የመኪና ቀረጥ ከሰው አቅም በላይ ስለሆነ ልማዱ አልቀረም። ሌላው ዓለም አሮጌውን ጥሎ አዲስ ሲገዛ እኛ አሮጌውን በአሮጌ አደስነው። በዚህም የተነሣ የኢትዮጵያን የመኪና ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ሰው ከሻጩ መዝገብ ይልቅ የጠጋኙን ቤት ቢያይ ይሻለዋል።

በሶማሌ ተራ ብሎኮቹ እንደ ጡብ ተደራርበዋል። የተቃጠለ ዘይት ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። የኔ መኪና ሞተር 4ኬ የሚባለው ነው። ይህ የሞተር ቤተሰብ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1966 ከመጀመሪያዋ ኮሮላ ጋር ሲሆን፣ ያኔ ይዞታው 1,077 ሲሲ ነበር። ቀጥሎ 3ኬ 1,166፣ ከዚያም 4ኬ 1,290 ሲሲ ሆነው መጡ። በሦስቱም የሲሊንደሩ ስፋት ያው 75 ሚሊሜትር ነው። ቶዮታዎች ያስረዘሙት የፒስተኑን ምልልስ ብቻ ነው፤ ከ61 ወደ 66፣ ከ66 ወደ 73 ሚሊሜትር። ይህችን 75 የምትባል ቁጥር አንባቢ ቢይዝልኝ እወዳለሁ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያውን ብሎክ የሚሸጠው ወጣት ጠርጎና ዘይት ቀብቶ አቆይቶታል። «ወንድሜ፣ ከካርቶን የወጣ በለው!» አለኝ። እኔም ጋሼ እንዳስተማሩኝ መመርመር ጀመርኩ። በመጀመሪያ የቁጥሩን ቦታ አየሁ። ሞረድ የነካው፣ ተፍቆ እንደገና የተመታ ቁጥር ካለ ዕቃው የማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ቁጥሩ ደኅና ነው። ቀጥሎ ብሎኩን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረግኩት፤ ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ይጮኻል፣ የተሰነጠቀ ድምፁ ይሞትበታል። ይህም ደኅና ነው። በመጨረሻ ገልብጬ ኮሎው የሚያርፍባቸውን አምስት መቀመጫዎች ስመለከት፣ በብሎን ከሚታሰሩት አምስት ቆቦች አንዱ መልኩ ከሌሎቹ ይለያል፤ ቁጥሩም የተደገመ ነው። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሁለተኛ፣ አራተኛ፣ አምስተኛ።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቆቦቹ በፋብሪካ የሚሰረሰሩት ከገዛ ብሎካቸው ጋር ታስረው ነው። ክቡ ቀዳዳ እኩሌታው ብሎኩ ላይ፣ እኩሌታው ቆቡ ላይ ነው። ያንዱን ብሎክ ቆብ ላንዱ ቢያስሩት ሁለቱ እኩሌታዎች አይገጥሙም፤ ኮሎው አንገቱ ላይ ይታነቃል። ለወጣቱ ቁጥሩን ሳሳየው «እሱስ ተለዋውጦ ይሆናል» አለና ወደሚቀጥለው ገበያተኛ ዞረ።

ሁለተኛውን ያገኘሁት ከአራት ቀን በኋላ፣ ዕድሜያቸው ገፋ ካሉ ነጋዴ ዘንድ ነው። ቆቦቹ ከአንድ እስከ አምስት ተሟልተዋል፤ ቀስቶቻቸውም ሁሉ ወደ ፊት ያመለክታሉ። ብሎኩ ሲመታ ይጮኻል። መኪናው አገር የገባበት ዲክላራሲዮን ቅጂም አለ። ነጋዴው «ስታንዳርድ ነው፤ ቦሪንግ አልገባም» አሉ። ፒስተን አብሮት ስለሌለ ቃላቸውን የሚመሰክር ነገር አልነበረም። ጣቴን ወደ ሲሊንደሩ አስገብቼ ከአፉ ዝቅ ብሎ ያለውን ቦታ በጥፍሬ ስዳብስ ጥፍሬ ደረጃ ነገር ያዘው። የላይኛው ፋሻ እስከዚያ ደርሶ እየተመለሰ ብረቱን የበላበት ምልክት ነው። በልኬቱ ተስማምተን እኩሌታውን ገንዘብ ከፈልኩ፤ ብሎኩም በጋሪ ወደ ሬቲፊካው ሄደ።

ጋሼ ወዲያው ወደ መሰርሰሪያው አልወሰዱትም። በመጀመሪያ በነጭ ጋዝ አጠቡትና ጠርገው አደረቁት፤ ከዚያ ጠመኔ ፈጭተው ነሰነሱበት። ስንጥቅ ቢኖር ውስጡ የቀረው ጋዝ ጠመኔውን አርሶ መስመር ያወጣል። ሩብ ሰዓት ጠበቅን። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀጥለው ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በብሎኩ አናት ላይ በቁም፣ በአግድምና በሰያፍ እያጋደሙ በሥሩ ቀጭን መለኪያ ለማስገባት ሞከሩ። ቴስታታው የሚያርፍበት ይህ ገጽ ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ መጉበጥ የለበትም።

ከዚያ ሰዓት የመሰለችውን የሲሊንደር መለኪያ አወጡ። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ለአራት ሲሊንደር ሃያ አራት ልኬት መሆኑ ነው። እሳቸው እየጠሩ እኔ በወረቀት ጻፍኩ። ታችኛው 75.51፤ ላይኛው 75.62። እስክሪብቶዬ ቆመ።

«ጋሼ፣ ሰባ አምስት አይደል እንዴ መሆን ያለበት?»

«ነበረ» አሉኝ። «አንድ ሰው ካንተ በፊት ግማሽ ሚሊ አስፍቶታል። የቀረው በሥራ የተበላ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሲሊንደር ሲሠራ እኩል አይበላም። ከላይ፣ እሳቱ በሚነሣበትና ዘይት በሚያንስበት ቦታ ይብሳል፤ ፒስተኑ በቢዬላው ማዘንበል የተነሣ ወደ ጎን ስለሚገፋም ክቡ ወደ ሞላላነት ያደላል። ይህን ለማቅናት ብረቱ ሁሉ እስከተበላው ጥልቀት ድረስ መፋቅ አለበት። ፋብሪካውም ይህን አውቆ ከስታንዳርዱ በ0.25፣ በ0.50፣ በ0.75 እና በ1.00 ሚሊሜትር የሚበልጡ ፒስተኖችን ያዘጋጃል። ስለዚህ ብሎክ አራት ጊዜ መታደስ ይችላል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ግድግዳው ይሳሳል። ያን ጊዜ የሚቀረው በስፋት ሰርስሮ ጣልያኖች ካሚቻ፣ ሸሚዝ ማለታቸው ነው፣ የሚሉትን የብረት ቱቦ ማልበስ ነው። ፔዦ 404ን የመሳሰሉት ግን ከፋብሪካቸው ጀምሮ ተነሺ ካሚቻ ለብሰው ስለሚመጡ ይህ ጭንቀት የለባቸውም።

የገዛሁት ብሎክ ከአራቱ ዕድሜው ሁለቱን ጨርሷል። ነጋዴው ዋሽተውኝ ነው ወይስ እሳቸውም ሳያውቁ? እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ብሎኩን አስፍቶ የሸጠው ሰው ያደረገውን በየትም ቦታ አልጻፈም፤ ከዚያ ወዲህ እጅ በእጅ ሲተላለፍ «ስታንዳርድ» የሚለው ቃል አብሮት ተላልፎ ይሆናል። ተመልሼ ልኬቱን ሳሳያቸው ነጋዴው ወረቀቱን ብዙ አዩትና፣ ያለ ክርክር ከቀረው ሂሳብ ላይ ቀነሱልኝ። ጋሼ ደግሞ «ያዘው» አሉኝ። «ያረጀ ብሎክ አትናቅ። አዲስ ፈሰስ ብረት በውስጡ ውጥረት አለበት፤ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ይንቀሳቀሳል። ይኸኛው ዓመታት ግሎ ቀዝቅዞ ጠባዩን ጨርሷል።»

መጀመሪያ የተገዛው ፒስተኑ ነው። ጋሼ ፒስተን ሳያዩ አይሰረስሩም። እያንዳንዱን በማይክሮሜትር ለክተው ቁጥሩን ለየሲሊንደሩ በጠመኔ ጻፉ። በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ከ0.03 እስከ 0.05 ሚሊሜትር ክፍተት መቅረት አለበት፤ ካንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ያንሳል። ከጠበበ ሞተሩ ሲግል ይነክሳል፤ ከሰፋ ያንኳኳል፣ ዘይትም ይጠጣል። ከዚያ ብሎኩ በማሽኑ ሥር ታሰረ፤ ማዕከሉ ተፈለገ፤ ቢላው ቀስ እያለ ወረደ። ጥቁር የብረት ብናኝ እንደ ቡና ዱቄት ከሥር ተጠራቀመ። ዊልኪንሰን ለመድፍ ያሰበው ነገር ከሁለት መቶ አርባ ዓመት በላይ አልፎት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ያባቴን መኪና ለማስነሣት ይዞር ነበር።

ቢላው ሥራውን የጨረሰው ጥቂት አስቀርቶ ነው። የመጨረሻዋን ስስ ልክ የሚወስደው ሆኒንግ ነው። ድንጋዮቹ እየዞሩ ወደ ላይና ወደ ታች ሲመላለሱ ግድግዳው ላይ የተጠላለፈ መስመር፣ እንደ ሰፌድ ስፌት ያለ፣ ይተዋሉ። መስታወት የመሰለ ግድግዳ ዘይት አይዝም፤ ፋሻውም አይገራበትም። ብሎኩን ማጠብ የኔ ድርሻ ሆነ። በሙቅ ውሃና በኦሞ፣ በብሩሽ እያሸሁ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ በነዳጅ ቢታጠብ የድንጋዩ ብናኝ መስመሮቹ ውስጥ ይቀራል። ጋሼ ዘይት የነካ ነጭ ጨርቅ በሲሊንደሩ ውስጥ አዙረው አወጡና አሳዩኝ፤ ግራጫ ሆኗል። «ድገም።» አራተኛው እጥበት ላይ ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ሞተሩ ተገጥሞ ሲነሣ ስለ ድምፁ ብዙ አልልም፤ ደኅና ነበር። ሊብሬውን ለማስለወጥ የሽያጭ ውሉንና ዲክላራሲዮኑን ይዤ ጥቂት ቀናት ተመላለስኩ። አዲሱ ቁጥር ሲጻፍ አባቴ በቃሉ ይወጣው የነበረው ቁጥር ከመዝገብ ወጣ። የተሰነጠቀውን ብሎክ ለቁራሌው ልሸጠው ፈልጌ አልሆነልኝም፤ ዛሬም ደረጃ ሥር ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ተጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ፤ ተራው የኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። ለአየሩም ለውጭ ምንዛሪውም ይበጃል የሚሉ አሉ፤ እኔም አልቃወምም። ነገር ግን አገር ውስጥ ያሉት ሞተሮች በአንድ ቀን አይጠፉም። የሚተካቸው ካልመጣ እያንዳንዱ ብሎክ የቀረውን ሩብ ሩብ ሚሊሜትር ቆጥቦ መኖር አለበት። ማደስ ስንል የጨመርን ይመስለናል፤ ሬቲፊካ ቤት እንዳየሁት ግን ማደስ መፋቅ ነው። ባደስን ቁጥር ለሚቀጥለው የምንተወው ያንሳል። ነውሩ መፋቁ ላይ የለም፤ ምን ያህል እንደፋቁ ሳይናገሩ ማለፉ ላይ ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር እንዳላልፍ። ብሎኩን ከሬቲፊካው በወሰድኩበት ቀን ጋሼ «ቆይ» አሉኝና ከመሳቢያቸው የቁጥር ማኅተሞችና መዶሻ አወጡ። ከሞተሩ ቁጥር ዝቅ ብሎ ባለው ባዶ ቦታ፣ ቁጥሩን ሳይነኩ፣ እያንዳንዱን አንድ አንድ ጊዜ መትተው ሦስት አኃዝ አሰፈሩ፤ 0.75። የዛሬ አሥር ወይም ሃያ ዓመት ያንን ቴስታታ የሚያነሣው ሰው ማን እንደሚሆን እሳቸውም እኔም አናውቅም። ግን አንድ ዕድሜ ብቻ እንደቀረው ሳይለካ ያውቃል።